የኮረም ሰርቨር እንዴት ይተከላል፣ እንዴትስ ይቀየራል? ክላስተሩን ሳናወርድ

የኮረም ሰርቨር ማለት አብረው የሚሠሩ ማሽኖች (ስብስቡ ክላስተር፣ እያንዳንዱ ማሽን ኖድ ይባላል) እርስ በርስ ሲቆራረጡ የትኛው ወገን ይቀጥል የሚለውን የሚገላግል ሌላ ማሽን ነው። እሱ ሲቀየር ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። አዲሱን ማሽን ያዘጋጃል፣ የኮሮሲንክን (ኖዶቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) ኮንፊግ ፋይል ይከፍታል፣ የድሮውን አይፒ አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል፣ ሰርቪሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ ከዚያ ግንኙነቱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አይመጣም። ኖዶቹና የኮረም ሰርቨሩ የሚተዋወቁት በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በሰርተፊኬትም ነው፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ የራሱ ሌላ ሰርተፊኬት አለው። ስለዚህ መቀየር ማለት የድሮውን ማንሳት፣ ከዚያ አዲሱን ከዜሮ መትከል ማለት ነው። ይሄ ከገባችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

እዚህ የምንሠራው በኮሮሲንክና አገልግሎቶቹን በሚያስነሳው በፔስሜከር የሚሄድ የሊኑክስ ክላስተር ላይ ነው፣ ማስተዳደሪያ ትዕዛዙ ፒሲኤስ። ፕሮክስሞክስን (የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ነው) ለምትጠቀሙ ወደ መጨረሻ አካባቢ አጭር ክፍል አለ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ያው በላቲን ነው የምትጽፏቸው።

## መጀመሪያ ሒሳቡ

ኮረም ማለት ምልዓተ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ኖድ አንድ ድምፅ አለው፣ ከግማሽ በላይ የያዘ ወገን ሥራውን ይቀጥላል፣ ያልያዘው ያቆማል። ሁለት ኖድ ብቻ ካላችሁ በመሃል ያለው ኔትወርክ ሲቆረጥ አንድ ለአንድ ይሆናሉ። ሁለቱም "ያኛው ሞቷል" ብለው ያንኑ ዳታ ሁለቱም መጻፍ ከጀመሩ ደግሞ ከዳታው የሚተርፍ ነገር የለም። የኮረም ሰርቨር ሦስተኛ ድምፅ ይዞ የሚገባ ገላጋይ ነው። ጠቅላላ ድምፅ 3 ይሆናል፣ ለመቀጠል 2 ይበቃል። አራት ኖድ ካላችሁ ጠቅላላው 5፣ የሚያስፈልገው 3።

ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ለራሳችሁ ክላስተር ጻፉት። በኋላ ስታተስ ስታነቡ ካልጻፋችሁት ግራ ትጋባላችሁ።

## ዝግጅት፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ማሽኑ የት ይቀመጥ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የኮረም ሰርቨር ትንሽ ነገር ነው፣ ብዙ ሜሞሪም ፕሮሰሰርም አይፈልግም፣ ስለዚህ ሰው ያገኘበት ቦታ ይወሽቀዋል። የሚከለከሉት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

- ከክላስተሩ ኖዶች አንዱ ላይ
- በዚያው ክላስተር ላይ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ
- ኖዶቹ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ስዊች ላይ፣ ሌላ መንገድ ሳይኖረው
- ከኖዶቹ ጋር በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ

ሁለተኛውን የጻፍኩት ራሴ ሠርቼው ስለማውቅ ነው። የኮረም ሰርቨሩን ክላስተሩ የሚያስተዳድረው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገባሁት፣ ወራት ያለ ችግር ሄደ። አንድ ቀን ቨርቹዋል ማሽኑን ተሸክሞ የነበረው ኖድ ወደቀ። የቀረው ኖድ ከ3 ድምፅ 1 ብቻ ይዞ ቀረ፣ ምክንያቱም ገላጋዩም አብሮ ወድቋል። ቨርቹዋል ማሽኑን እንዳያስነሳ ኮረም የለውም፣ ኮረም እንዳያገኝ ቨርቹዋል ማሽኑ አልተነሳም። ዳኛውን ከተሟጋቾቹ ቤት ማሳደር ማለት ይሄው ነው።

ፖርቶች። የኮረም ሰርቨሩ በቲሲፒ 5403 ይሰማል። ፒሲኤስ ሲያዋቅር ደግሞ በቲሲፒ 2224 ይነጋገራል። ሁለቱም ከሁሉም ኖዶች ወደ ኮረም ሰርቨሩ ክፍት መሆን አለባቸው። ከአንዱ ኖድ ብቻ ሞክራችሁ "ይሠራል" እንዳትሉ።

ሰዓት። የሁሉም ማሽን ሰዓት በክሮኒ ወይም በሌላ መንገድ መገጣጠም አለበት። አዲሱ ማሽን ሰዓቱ ወደፊት ሄዶ ሰርተፊኬት ከፈጠረ፣ ኖዶቹ ሰርተፊኬቱን "ገና ጊዜው ያልደረሰ" ብለው ሊመልሱት ይችላሉ። ይሄ ስህተት ሎግ ላይ ሲታይ ማንም መጀመሪያ ሰዓቱን አይጠረጥርም።

ስም። አንድ የኮረም ሰርቨር ብዙ ክላስተሮችን ማገልገል ይችላል፣ ግን የክላስተሮቹ ስም የተለያየ መሆን አለበት። ሁለት ክላስተር በአንድ ስም ካላችሁ ቀድማችሁ ፍቱት። የማሽኖቹን ስምና አይፒ ደግሞ በሁሉም ኖዶች ሆስትስ ፋይል ላይ ጻፉ፤ ዲኤንኤስ በጠፋ ቀን ገላጋዩም አብሮ መጥፋት የለበትም።

ፌንሲንግ። የኮረም ሰርቨር የፌንሲንግ ምትክ አይሆንም። ማን ይቀጥል የሚለውን ነው የሚወስነው፤ የተሸነፈውን ኖድ በግድ ማጥፋት ነው ፌንሲንግ የሚባለው፣ ይህን የሚሠራው ደግሞ ስቶኒዝ ነው። ስቶኒዝ ካልተዋቀረ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

## ክፍል አንድ፦ አዲስ ተከላ

### 1. የኮረም ሰርቨሩ ማሽን ላይ ሶፍትዌሩን ጫኑ

በሬድ ሃት ቤተሰብ ማሽን ላይ፦

ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ፒሲኤስ ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ

ከዚያ የፒሲኤስን ሰርቪስ አስነሱ፦

ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ፒሲኤስዲ

ሃክላስተር ለሚባለው ተጠቃሚ ፓስወርድ ስጡት። እዚህ ማሽን ላይ ፔስሜከርም ኮሮሲንክም አታስነሱ። ይሄ ማሽን የክላስተሩ አባል አይደለም፣ ታዛቢ ነው።

### 2. ፋየርዎሉን ክፈቱ

ፋየርዎል-ሲኤምዲ --ፐርማነንት --አድ-ሰርቪስ=ሃይ-አቬይለቢሊቲ

ከዚያ ሪሎድ አድርጉ። ሪሎዱን ረስቶ ግማሽ ቀን የሚፈልግ ሰው አይቻለሁ፣ ከነሱ መካከል እኔም አለሁበት። "ፐርማነንት" ብሎ መጻፍ ብቻውን አሁን የሚሠራውን ፋየርዎል አይቀይረውም።

### 3. የኮረም ሰርቨሩን አስነሱ

ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ ሴትአፕ ሞዴል ኔት --ኢኔብል --ስታርት

ይሄ ትዕዛዝ ሰርተፊኬቶቹን ይፈጥራል፣ ሰርቪሱን ያስነሳል፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳም ያደርገዋል። አረጋግጡ፦

ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ ስታተስ ኔት --ፉል

ፖርቱ 5403 መሆኑን፣ ቲኤልኤስ የሚለው መስመር ድጋፍ እንዳለ መናገሩን፣ የተገናኙ ክላስተሮች ቁጥር ደግሞ 0 መሆኑን እዩ። ገና ምንም ስላላገናኘን 0 ትክክለኛው ቁጥር ነው።

ካልሆነ፦ "ቀድሞ ተዋቅሯል" የሚል ስህተት ከመጣ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ሞክሮ ትቶታል ማለት ነው። ሌላ ክላስተር እንደማይጠቀምበት ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ በዲስትሮይ ትዕዛዙ (ክፍል ሁለት፣ ደረጃ 6 ላይ አለ) አጽድታችሁ እንደገና ጀምሩ።

### 4. ኖዶቹ ላይ ኪውዲቫይስን ጫኑ

ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ኮሮሲንክ-ኪውዲቫይስ

ሁሉም ኖድ ላይ፣ አንዱንም ሳትዘሉ። ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ይምታታል፦ ኪውኔትዲ የሚጫነው ገላጋዩ ላይ ነው፣ ኪውዲቫይስ ደግሞ ኖዶቹ ላይ።

### 5. ከአንዱ ኖድ ሆናችሁ ፈቃድ ስጡ

ፒሲኤስ ሆስት ኦዝ፣ ከዚያ የኮረም ሰርቨሩ ስም። የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅ ሃክላስተር፣ ቀጥሎ ቅድም የሰጣችሁትን ፓስወርድ። የቆየ ፒሲኤስ 0.9 ላይ ከሆናችሁ ትዕዛዙ "ክላስተር ኦዝ" ነው።

### 6. አልጎሪዝም ምረጡና ጨምሩ

ሁለት ምርጫ አለ።

ኤፍኤፍስፕሊት፦ ክላስተሩ ለሁለት ሲከፈል ለአንዱ ወገን ብቻ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ኖድ ላለው። እኩል ከሆኑ፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ ዝቅተኛ የኖድ ቁጥር ያለበትን ይመርጣል። ቁጥራቸው ጥንድ ለሆነ ኖዶች የተሠራ ነው።

ኤልኤምኤስ፦ የመጨረሻው የቀረ አንድ ኖድም ቢሆን ገላጋዩን እስካየ ድረስ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ጥሩ ይመስላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የገላጋዩ ድምፅ ከኖዶቹ ብዛት በአንድ ያነሰ ይሆናል። አራት ኖድ ላይ 3 ድምፅ ማለት ነው። ገላጋዩ ሲጠፋ 3 ድምፅ አብሮ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ክላስተሩ ሥራውን የሚቀጥለው አራቱም ኖዶች በሕይወት ካሉ ብቻ ነው። አንዱ ቢወድቅ ሁሉም ያቆማል።

ለሁለት ኖድ ክላስተር ኤፍኤፍስፕሊትን ውሰዱ፣ ብዙ አታስቡ።

ፒሲኤስ ኮረም ዲቫይስ አድ ሞዴል ኔት ሆስት=የሰርቨሩ-ስም አልጎሪዝም=ኤፍኤፍስፕሊት

ይሄን ከአንድ ኖድ ብቻ ነው የምትሰጡት። ሰርተፊኬት ማከፋፈሉን፣ ኮንፊግ ፋይሉን ሁሉም ጋ ማድረሱን፣ ሰርቪሱን ማስነሳቱን ፒሲኤስ ራሱ ይጨርሰዋል። ክላስተሩን ማቆም አያስፈልግም። ሁሉም ኖዶች ግን መነሳት አለባቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮንፊጉ ላይ ኦቶ ታይ ብሬከር ወይም ላስት ማን ስታንዲንግ የሚባሉት የኮረም አማራጮች በርተው ከነበረ ከኮረም ሰርቨር ጋር አይሄዱም። ቀድማችሁ አጥፏቸው።

### 7. ስታተሱን በደንብ አንብቡት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀይ ጽሑፍ ካላየ "አለቀ" ብሎ ይሄዳል። ቆዩ።

ፒሲኤስ ኮረም ስታተስ

ሁለት ኖድ ላላቸው የሚጠበቀው ይሄ ነው፦ የሚጠበቅ ድምፅ 3፣ ጠቅላላ ድምፅ 3፣ ኮረም 2፣ ፍላግ የሚለው ቦታ ላይ "ኮሬት" እና "ኪውዲቫይስ"። "ቱኖድ" የሚል ቃል እዚያ ካለ ገላጋዩ አልገባም ማለት ነው።

ከታች የኖዶቹ ዝርዝር አለ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ በኮማ የተለያዩ ሦስት አጫጭር ምልክቶች ታያላችሁ። ዋናው ትምህርት ያለው እነሱ ላይ ነው፦

- የመጀመሪያው ኤ ከሆነ ኖዱ ላይ ያለው ኪውዲቫይስ በሕይወት አለ፤ ኤንኤ ከሆነ የለም።
- ሁለተኛው ቪ ከሆነ ድምፁን እየሰጠ ነው፤ ኤንቪ ከሆነ አልሰጠም።
- ሦስተኛው ኤንኤምደብሊው ነው፣ በተለመደው አሠራር እንደዚያው ይቆያል።
- ከነዚህ ፋንታ ኤንአር ብቻ ካያችሁ ኪውዲቫይስ እዚያ ኖድ ላይ ጭራሽ አልተመዘገበም። ሰርቪሱ አልተነሳ ይሆናል።

"ኤ፣ ኤንቪ" የሚለው ነው ሰውን የሚያታልለው። ሰርቪሱ ሩጫ ላይ ነው፣ ሲስተምሲቲኤል አረንጓዴ ያሳያል፣ ድምፅ ግን የለም። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ፖርት 5403 ወይም ሰርተፊኬቱ ነው።

ቀጥሎ፦

ፒሲኤስ ኮረም ዲቫይስ ስታተስ

መጨረሻው ላይ "ስቴት" የሚለው "ኮኔክትድ" መሆን አለበት። ይሄን ትዕዛዝ ሁሉም ኖድ ላይ ስጡ፣ ምክንያቱም የሚያሳየው ያላችሁበትን ኖድ ግንኙነት ብቻ ነው።

### 8. ፈትኑት

ያልተፈተነ ገላጋይ እንደሌለ ቁጠሩት። ፈተናውን ሥራ በማይበዛበት ሰዓት አድርጉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሀ. ገላጋዩን አቁሙ፣ እዚያው ማሽን ላይ "ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ" በማለት። ክላስተሩ መቀጠል አለበት፣ ሁለቱ ኖዶች 2 ድምፅ አላቸውና። መልሳችሁ አስነሱትና ቪ እስኪመለስ ጠብቁ።

ለ. አንዱን ኖድ በሥርዓት አጥፉ። የቀረው ኖድ የራሱን አንድና የገላጋዩን አንድ ይዞ መቀጠል አለበት።

ሐ. የኖዶቹን የእርስ በርስ ግንኙነት በፋየርዎል ዝጉ፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም፤ ወደ ገላጋዩ የሚወስደው መንገድ ግን ክፍት ይሁን። አንዱ ብቻ መትረፍ አለበት፣ ሌላው ኮረም አጥቶ በፌንሲንግ ይጠፋል። የኔትወርክ ካርዱን በኢፍዳውን በማውረድ አትፈትኑ፤ በተለይ የቆየ ኮሮሲንክ ያንን እንደ እውነተኛ የኔትወርክ መቆረጥ ስለማያየው ውጤቱ ያሳስታችኋል።

## ክፍል ሁለት፦ መቀየር

### ከመንካታችሁ በፊት

አንድ ክላስተር በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አንድ የኮረም ዲቫይስ ብቻ ነው። አዲሱን ጨምሬ ከዚያ የድሮውን አነሳለሁ ማለት አይቻልም። ስለዚህ በመሃል ክፍተት አለ፣ ሥራችሁ በሙሉ ያንን ክፍተት አጭርና ጸጥ ያለ ማድረግ ነው።

በክፍተቱ ውስጥ ምን ይሆናል? ሁለት ኖድ ላይ ፒሲኤስ ገላጋዩን ሲያነሳ ቱኖድ የሚባለውን ሁኔታ ራሱ መልሶ ያበራዋል። በዚያች ቅጽበት መሃሉ ቢቆረጥ ሁለቱም ኮረም አለኝ ይላሉ፣ ማን ማንን ቀድሞ ፌንስ እንደሚያደርግ ሽቅድድም ይሆናል። አራት ኖድ ላይ ደግሞ የሚጠበቀው ድምፅ 4፣ ኮረሙ 3 ይሆናል፤ ሁለት ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ወገን ያቆማል። ክፍተቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ ግን በዚያ ሰዓት ማንም ስዊች እንዳይነካ፣ ማንም ኖድ እንዳያዘምን ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ።

ሁሉም ኖዶች ተነስተው፣ ስታተሱ ንጹሕ ሆኖ፣ ፌንሲንግ እየሠራ ካልሆነ አትጀምሩ።

### 1. አዲሱን ማሽን ሙሉ በሙሉ አዘጋጁ

የክፍል አንድን ደረጃ 1፣ 2፣ 3 እና 5 አሁኑኑ ጨርሱ። የድሮው ገና ሥራ ላይ እያለ አዲሱ ተነስቶ፣ ፖርቱ ተከፍቶ፣ ፈቃድ ተሰጥቶት መጠበቅ አለበት። ከእያንዳንዱ ኖድ ወደ አዲሱ 5403 እና 2224 ሞክሩ። ሰው የድሮውን አንስቶ ካበቃ በኋላ ነው የአዲሱ ፋየርዎል ዝግ መሆኑን የሚያውቀው፣ ያኔ የደቂቃዎቹ ክፍተት የሰዓታት ይሆናል።

### 2. ያለውን ኮንፊግ መዝግቡ

ፒሲኤስ ኮረም ኮንፊግ

የሚያወጣውን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አልጎሪዝሙ፣ ታይ ብሬከሩ (እኩል ሲሆኑ ማን ይመረጥ የሚለው)፣ ታይምአውቱ ከተነካ እሱም፣ ሁሉም ከዲቫይሱ ጋር ይጠፋል። ሳይነካ ከሆነ ታይምአውቱ 10 ሺህ ሚሊሰከንድ፣ ሲንክ ታይምአውቱ 30 ሺህ ነው። ቀድሞ የነበረ ሰው ቀይሮት ከሆነ ምክንያት ይኖረዋልና አዲሱም ላይ መልሱት።

### 3. የድሮውን አንሱ

ፒሲኤስ ኮረም ዲቫይስ ሪሙቭ

ከአንድ ኖድ ብቻ። ኖዶቹ ላይ ያለውን ኪውዲቫይስ ያቆመዋል፣ ሰርተፊኬቱን ያጠፋል፣ ኮንፊጉን ያስተካክላል። የድሮው የኮረም ሰርቨር ሞቶም ቢሆን ይሠራል፣ ምክንያቱም ሥራው ያለው ኖዶቹ ጋ ነው። ስታተሱን እዩ፦ ሁለት ኖድ ከሆናችሁ "ቱኖድ" ተመልሶ መጥቷል፣ ኪውዲቫይስ የሚለው ጠፍቷል።

### 4. አዲሱን ወዲያው ጨምሩ

የክፍል አንድ ደረጃ 6 ላይ ያለውን ትዕዛዝ ነው፣ በአዲሱ ስም። በሌላ መስኮት ቀድማችሁ ጽፋችሁ ብታስቀምጡት የተሻለ ነው፣ ኢንተር መጫን ብቻ ይቀራችኋል።

"ኮረም ዲቫይስ አፕዴት" የሚል ትዕዛዝም አለ። አልጎሪዝም ለመቀየር ተጠቀሙበት፣ ሆስቱን ወደ ሌላ ማሽን ለማዞር ግን አትንኩት። ሆስቱን በአፕዴት መቀየር የሚያዋጣው ማሽኑ ያው ሆኖ ስሙ ወይም አድራሻው ብቻ ሲቀየር ነው።

### 5. አንብቡ፣ ፈትኑ

ደረጃ 7 እና 8 እንደገና። ከአዲሱ ሰርቨር በኩል ደግሞ "ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ-ቱል -ኤል" ብላችሁ የክላስተሩ ስም ሥር ሁሉም ኖዶች መዘርዘራቸውን እዩ። ሁለት ኖድ ኖሯችሁ አንድ ብቻ ከታየ አልጨረሳችሁም።

### 6. የድሮውን አሰናብቱ

የድሮው ማሽን በሕይወት ካለ እዚያው ላይ፦

ፒሲኤስ ኪውዲቫይስ ዲስትሮይ ኔት

ሌላ ክላስተር እየተጠቀመበት ከሆነ ይሄ ትዕዛዝ እምቢ ብሎ የክላስተሩን ስም ይነግራችኋል። በፎርስ አትለፉት። አንድ ገላጋይ ብዙ ክላስተሮች ሲጋሩት ከነሱ አንዱ ሁሌ ይረሳል፣ የምታገኙትም እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ክላስተር ደረጃ 2 እስከ 5ን ደግማችሁ መጨረሻ ላይ ተመለሱ።

## ከማንሳትና ከመጨመር ውጭ ያለ መንገድ፦ ባክአፕ

አንድ አቋራጭ አለ፣ ግን ቀድሞ ያሰበበት ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። የኮረም ሰርቨሩ ማንነት ያለው ኢቲሲ ሥር፣ ኮሮሲንክ ውስጥ፣ ኪውኔትዲ የሚባለው ፎልደር ላይ ነው። ሰርተፊኬቶቹ እዚያ ናቸው። ያንን ፎልደር በታር ጠቅልላችሁ ካስቀመጣችሁ ማሽኑ ቢቃጠል እንኳ በዚህ ቅደም ተከተል ሌላ ማሽን ላይ ትመልሱታላችሁ፦

1. አዲሱ ማሽን ላይ ፓኬጁን ጫኑ፣ ሴትአፕ ትዕዛዙን ግን አትስጡ።
2. ባክአፑን በሩት ፍቱት። ፓኬጁ ቀድሞ መጫን ያለበት ኮሮኪውኔትዲ የሚባለው ተጠቃሚ እንዲኖር ነው፤ ሰርቪሱ የሚሄደው በእሱ ስም ስለሆነ ፋይሎቹን ማንበብ መቻል አለበት።
3. የድሮውን ስምና አይፒ ስጡት፣ ፋየርዎሉን ክፈቱ።
4. ሰርቪሱን ኢኔብል አድርጋችሁ አስነሱ።

ኖዶቹ ምንም ሳይነኩ ተመልሰው ይገናኛሉ። የድሮው ማሽን በአጋጣሚ ነፍስ ዘርቶ በዚያው አይፒ እንዳይመለስ ግን ገመዱን ንቀሉ። ባክአፑ ውስጥ ሚስጥራዊ ቁልፍ ስላለ ደግሞ ማንም በሚያየው የጋራ ፎልደር ላይ አትጣሉት።

## ገላጋዩም አንድ ኖድም አብረው ከወደቁ

ሁለት ኖድ ላይ ከ3 ድምፅ 1 ቀረ ማለት ነው፣ ክላስተሩ ቆሟል። እዚህ ላይ ሰው ይደነግጥና ኮረሙን በግድ ለማለፍ መሞከር ይጀምራል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር በዓይናችሁ አረጋግጡ፦ የወደቀው ኖድ በእርግጥ ጠፍቷል? ፒንግ አለመመለሱ መጥፋቱን አያሳይም። ኃይሉን በአይፒኤምአይ (የማሽኑን ኃይል ከሩቅ በሚያሳየው) እዩ ወይም ሰው ሄዶ መብራቱን ይመልከት።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ። ገላጋዩን ካለበት ማስነሳት ከተቻለ እሱ ይቅደም፤ ባክአፕ ካለ በላዩ በጻፍኩት መንገድ መልሱት፤ ሁለቱም ካልሆነ የወደቀውን ኖድ አስነሱና ሁለቱ ኖዶች 2 ድምፅ ይዘው ሥራ ሲቀጥሉ መቀየሩን ከክፍል ሁለት ደረጃ 1 ጀምሩ። በአንድ እግር በቆመ ክላስተር ላይ ሪሙቭ እና አድ አትሞክሩ። ለአንዱ ኖድ ያልደረሰ ኮንፊግ በኋላ ያ ኖድ ሲነሳ ሌላ ራስ ምታት ነው።

## የሚያጋጥሙ ነገሮች

ሰርቪሱ ተነስቷል፣ ስቴቱ ግን ኮኔክትድ አይልም። በጆርናልሲቲኤል የኮሮሲንክ-ኪውዲቫይስን ሎግ አንብቡ። ግንኙነት እንቢ ተባለ ወይም ጊዜው አለቀ ካለ ፋየርዎል ነው። ሰርተፊኬት የሚል ቃል ካለበት መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ፣ ሰዓቱ ደህና ከሆነ አንስታችሁ ጨምሩት።

አንዱ ኖድ ይገናኛል፣ ሌላው አይገናኝም። ብዙ ጊዜ የሆስትስ ፋይሉ ላይ የድሮው አይፒ ቀርቶ ነው። ኖዱ አዲሱን ስም እየጠራ ወደ ድሮው ማሽን ይሄዳል።

አድ ሲባል ዲቫይስ አለ ይላል። ሪሙቩ አልተጠናቀቀም። ኮረም ኮንፊጉን እዩ፣ እያንዳንዱን ኖድ ለየብቻ።

ግንኙነቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ገላጋዩ ሩቅ ወይም ዝግ ያለ ኔትወርክ ላይ ካለ ይሆናል። ታይምአውት ከማሳደጋችሁ በፊት የኔትወርኩን መዘግየት ለኩ። ታይምአውት ማሳደግ ክላስተሩ ውሳኔ ላይ እንዲዘገይ ያደርገዋል፣ ነፃ አይደለም።

## ፕሮክስሞክስ ለምትጠቀሙ

ነገሩ ያው ኮሮሲንክ ነው፣ ትዕዛዙ ብቻ ያጥራል። ውጭ ያለው ማሽን ላይ ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ፣ ሁሉም ኖዶች ላይ ኮሮሲንክ-ኪውዲቫይስ ጫኑ። ከዚያ ከአንዱ ኖድ "ፒቪኢሲኤም ኪውዲቫይስ ሴትአፕ" ብላችሁ የማሽኑን አይፒ ስጡ። በሚያዋቅርበት ጊዜ ወደዚያ ማሽን በሩት በኤስኤስኤች መግባት ስለሚፈልግ ያ ከተዘጋ እዚያው ይቆማል። ለመቀየር "ፒቪኢሲኤም ኪውዲቫይስ ሪሙቭ" ብላችሁ በአዲሱ አይፒ ሴትአፑን ድገሙ፣ "ፒቪኢሲኤም ስታተስ" ላይ ደግሞ ቅድም ያየናቸውን ኤ እና ቪ ፈልጉ።

እዚህ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፦ ክላስተሩ ላይ ኖድ ልትጨምሩ ወይም ልትቀንሱ ከሆነ ኪውዲቫይሱን መጀመሪያ ማንሳት አለባችሁ፣ ኖዱን ከጨረሳችሁ በኋላ ትመልሱታላችሁ። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ኖዶቹን ቁጠሩ። ከሁለት ወደ ሦስት ከወጣችሁ ኖዶቹ ራሳቸው አብላጫ መፍጠር ስለሚችሉ ገላጋዩን ሳትመልሱት ተዉት።